«የፖርቱጋል ድልድይ» ስለሚባለው ነገር

ባለፈው ዓመት በዕረፍት ጊዜ ሦስት ሆነን ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ ወርደን አንዲት ትንሽ የድንጋይ ድልድይ ለማየት ሄደን ነበር። ድልድይቱ ከዋናው የመኪና መንገድ ገባ ያለች፣ ዛሬ ሰውና አህያ ብቻ የሚሻገርባት ናት። እኛ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ከገበያ ሲመለሱ ከድልድይቱ ጫፍ ተቀምጠው ያርፉ ነበርና እጅ ነሥተን፣ «አባቴ፣ ይህን ድልድይ ማን ሠራው?» ብለን ጠየቅናቸው። «ፋሲል ነዋ! ሌላ ማን ይሠራዋል?» አሉን። አጠገባቸው ቆሞ ያዳምጥ የነበረ አንድ ተማሪ ልጅ ግን ቶሎ ብሎ፣ «የለም አባባ፣ ፖርቱጋሎች ናቸው። አስጎብኚው ለፈረንጆቹ ሲነግራቸው ሰምቻለሁ» አለ። ሽማግሌው ልጁን አየት አደረጉና «እንግዲህ የተማርኸው አንተ ነህ» ብለው ዝም አሉ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን የእርሳቸው ዝምታ ነው። ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር እናስታውቅ፤ እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የምንነቅፈው ምን እንደሆነ እንግለጽ። ስለ ጎንደር ዘመን ድልድዮች የተጻፈው ጥቂት ነው፤ የተጻፈውም ቢሆን አብዛኛው አንዱ ከሌላው የቀዳው ነው። የመንገደኞች መምሪያ መጻሕፍት፣ የአስጎብኚዎች ንግግር፣ እንዲሁም (ለምን እንሸሽገዋለን) የእኛው ጓደኞች የሚያቀርቧቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ስለ አንድ ድልድይ ሲናገሩ ነገሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨርሱታል። የመጀመሪያው ድልድዩ በፖርቱጋሎች ወይም በዐፄ ፋሲል መሠራቱን ይናገራል፤ ሁለተኛው ኖራው በእንቁላል የተቦካ መሆኑን ይጨምራል። ከዚያ ወዲያ ወደ ግንቡ ይታለፋል። እኛም ራሳችን የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሳለን እንዲሁ ጽፈን ጥሩ ማርክ አግኝተንበታል። አንዳንዶቹ ጽሑፎች ደግሞ ድልድዮቹን «የመካከለኛው ዘመን» ይሏቸዋል። ይህ አከፋፈል ለአውሮፓ ታሪክ የተሰፋ ልብስ ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር አሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መካከለኛው ዘመን ካለፈ በኋላ ነው። በአገራችን መጻሕፍት ልማድ ስለ ሆነ ብዙ አንከራከርበትም፤ «የጎንደር ዘመን» ብንል ግን ሁላችንም እንግባባለን።

«የፖርቱጋል ድልድይ» የሚለው ስም ከየት መጣ? ከጢስ እሳት ፏፏቴ በታች በአላታ፣ በአባይ ላይ ያለው ድልድይ የዚህ ስም ዋና ምንጭ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ድልድይ ያለን ማስረጃ ስለ ሌሎቹ ካለን ይሻላል። በአገራችን ይኖር የነበረው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ማኑኤል ደ አልሜዳ እንደ መዘገበው፣ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በዚያው በአላታ ወንዝ አጠገብ ተገኘ፤ ሥራውንም የመራው ከፓትርያርኩ ከአልፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከህንድ የመጣ አንድ የእጅ ባለሙያ ነበር። ትእዛዙ የዐፄ ሱስንዮስ ነው፤ ዘመኑም 1626 ነው። ይህን ልብ ብሎ ለሚያነብ ሰው አሠሪው የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ድንጋዩና ኖራው ያገር፣ የሥራው መሪ ከህንድ የመጣ ሰው ነው። ፖርቱጋል በዚህ ታሪክ ውስጥ የለችበትም ማለታችን አይደለም፤ ፓትርያርኩም ባለሙያውም የመጡት ፖርቱጋሎች በከፈቱት የባሕር መንገድ ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «ፖርቱጋሎች ሠሩት» ማለት መርከቡ የጫነውን እህል መርከቡ አመረተው እንደ ማለት ነው። ሥራውን ለፔድሮ ፓኤዝ የሚሰጡም አሉ። ፓኤዝ ግን በ1622 ሞቷል፤ ድልድዩ ሲሠራ በሕይወት አልነበረም።

ስሙም በአላታ ላይ አልቆመም። ወንዝ እየተሻገረ በመገጭም በርብም በሌላውም ላይ ዐረፈ። እዚህ ላይ የዘመን ቁጥር ብቻውን ብዙ ይናገራል። በ1541 ከክሪስቶፎር ዳ ጋማ ጋር የመጡት አራት መቶ ያህል ፖርቱጋሎች ወታደሮች ነበሩ፤ ዳ ጋማ በማግሥቱ ዓመት ተገደለ፤ የተረፉትም ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው እስከ 1543 ድረስ ሲዋጉ ቆዩ። በጦርነት መካከል ድልድይ ለመሥራት ፋታ አልነበራቸውም። ዐፄ ፋሲል በ1632 ዙፋን እንደ ያዙ የመጀመሪያው ታላቅ ሥራቸው ኢየሱሳውያንን ከአገር ማስወጣት ነበር። ጎንደርም ዋና ከተማ የሆነችው ከዚያ በኋላ በ1636 ገደማ ነው። እንግዲህ በፋሲል ዘመን ተሠሩ የሚባሉትን ድልድዮች ለፖርቱጋሎች የሚሰጥ ጸሐፊ፣ ንጉሡ በአንድ እጃቸው ያባረሯቸውን ሰዎች በሌላው እጃቸው ቀጠሯቸው ማለቱ ነውና ማስረጃውን እንዲያሳየን እንጠይቀዋለን።

አንድ ነገር ግን ለፍትሕ ሲባል መነገር አለበት። ከዳ ጋማ ወታደሮች የተረፉት በአገራችን አግብተው ወልደዋል፤ ዘሮቻቸውም በጎንደር አካባቢ ይኖሩ ነበር። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660ዎቹ መጨረሻ፣ ኦርቶዶክስ አንሆንም ያሉት ወደ ስናር እንዲወጡ እስከ ተደረገበት ጊዜ ድረስ ከእነርሱ አንዳንዱ በግንብ ሥራ ገብቶ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው ግን በጎንደር ተወልዶ ባማርኛ የሚናገር፣ አያቱ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ኢትዮጵያዊ ነው። ደግሞም የድንጋይ ግንብ ሥራ ከፓኤዝ መምጣት (1603) በፊት ነበረ፤ በእንፍራዝ አጠገብ ጣናን ቁልቁል የሚያየው የጉዛራ ግንብ የዐፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) ነው።

ይህ ስም ምን ያህል እንደሚያሳስት የምናየው ከጎንደር ርቀን ነው። በሸዋ በደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ያለው ድልድይም «የፖርቱጋል ድልድይ» ይባላል፤ መንገደኛውም ፎቶግራፍ ያነሣበታል። ያ ድልድይ ግን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የዳግማዊ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ያሠሩት ነው። ፖርቱጋሎች ከተባረሩ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው! እዚያም ኖራው በሰጎን እንቁላል ተቦካ ይባላል። እንቁላሉን እንኳ ወደ ጎን ብንተወው፣ ያረጀና ቅስት ያለው ነገር ሁሉ ለፈረንጅ የሚሰጥ ከሆነ ስሙ የታሪክ ማስረጃ መሆኑ ቀርቶ የልማድ ቃል ሆኗል ማለት ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ስንደርስ ለፋሲል ልንፈርድ ነው ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። አይደለም። «ፋሲል ሰባት ድልድይ ሠራ» የሚለውን አነጋገር የማያውቅ የጎንደር ልጅ የለም። ሰባት የሚለው ቁጥር ራሱ ሊያጠራጥረን ይገባል፤ እንደ አርባ አራቱ የጎንደር ታቦት ሁሉ፣ ቁጥሩ አስቀድሞ የተወሰነ፣ ዝርዝሩ ግን እንደ ተናጋሪው የሚለዋወጥ ነው። ዐፄ ፋሲል ድልድይ ማሠራታቸውን አንጠራጠርም፤ እንዲያውም ከሥራቸው ሁሉ አስተዋይነታቸውን ከሚያሳዩት አንዱ ይህ ይመስለናል። ከርሳቸው በፊት የነበሩ ነገሥታት በበጋ እየዘመቱ፣ በክረምት ወንዝ ሲሞላ ባሉበት ከርመው፣ ከተማቸውን በድንኳን ይዘው የሚዞሩ ነበሩ። አንድ ንጉሥ ከተማውን በአንድ ቦታ ካጸና በኋላ ግን ወንዙ ሲሞላ ግብሩም ወሬውም ነጋዴውም ከደጁ ሊቀርበት ነው። ግንቡን በጎንደር፣ ድልድዩን በወንዞቹ ላይ ማሠራት አንድ ሐሳብ ነው ማለታችን ስለዚህ ነው። ስለ ግንቡ ግን ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ድልድዩ አልተጻፈም። ይህም ሆኖ እያንዳንዱን አሮጌ ድልድይ ለእርሳቸው መስጠት ከእርሳቸው በፊት የነበሩትንም ከእርሳቸው በኋላ የመጡትንም መንጠቅ ነው። አላታን እንኳ ለፋሲል የሚሰጡ ጥቂት አይደሉም፤ ሱስንዮስ ሃይማኖት ለውጠው ስለ ነበር ስማቸው ከድልድዩ ላይ ቢነሣ ቅር የሚለው ሰው ያለ አይመስልም።

እዚህ ላይ ባማርኛችን ውስጥ ያለ አንድ ፊደል ይርዳን። አማርኛ «ሠራ» እና «አሠራ» ብሎ ይለያል። ንጉሥ ያሠራል፤ ግንበኛ ይሠራል። ሽማግሌውን «ማን ሠራው?» ብለን የጠየቅናቸው እኛው ነንና ጥፋቱ የእኛም ነው፤ «ማን አሠራው፣ ማንስ ሠራው?» ብለን ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነበረብን። ፖርቱጋልና ፋሲል የሚሉት ሁለቱ መልሶች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ ግንበኛውን በመርሳት አንድ ናቸው።

ግንበኞቹን በሚመለከት የምናውቀው ጥቂት ቢሆንም ባዶ አይደለም። ዐዛዥ ጢኖ ተክለ ሥላሴ ከጻፉበት ከዐፄ ሱስንዮስ ዜና መዋዕል፣ በደንቀዝ ቤተ መንግሥት ሥራ ላይ አብዱልከሪም የሚባል የህንድ ባንያንና ሰደቃ ነስራኒ የሚባል ግብፃዊ እንደ ነበሩ እናነባለን። የስማቸው መመዝገብ ለታሪክ ጸሐፊው ምስጋና የሚያሰጥ ነው። ሆኖም የእነርሱን ትእዛዝ ሰምቶ ድንጋይ የጠረበው፣ ኖራ ያቃጠለው፣ አሸዋ ያመላለሰው ሰው ስም የለውም። በጎንደር ግንበኝነት፣ አናጢነትና ብረት ሥራ በታላቅ ክፍል በቤተ እስራኤል እጅ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ስለ ሙያቸውም ከነገሥታቱ መሬትና ሹመት ያገኙ ነበሩ። እያንዳንዱን ድልድይ እነርሱ ሠሩት ብንል የነቀፍነውን ስሕተት መድገም ስለሚሆን አንልም። ነገር ግን የአገራችን ሰው የእጅ ሥራ የያዘውን ወገን «ጠይብ» «ቡዳ» እያለ ሲያንቋሽሽ የኖረ መሆኑን እናውቃለን። ታዲያ ጐረቤቱን ቡዳ ነው ብሎ የሚሸሽ ሰው፣ ያን የሚያምር ቅስት ጐረቤቴ ሠራው ከማለት ሩቅ አገር የሚኖር ፈረንጅ ሠራው ማለት ይቀልለዋል። የፖርቱጋል ስም እንዲህ በቀላሉ የተስፋፋው ፈረንጆች ስለ ተናገሩት ብቻ አይደለም፤ እኛም ስለ ተመቸን ነው ብለን እናምናለን። በዚህ ሐሳብ የማይስማማ አንባቢ ቢኖር በሚቀጥለው እትም መልሱን እናነባለን። ቤተ እስራኤሎች በ1984–85 እና በ1991 በብዛት ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ በጎንደር አጠገብ በወለቃ የቀረው የሸክላ ምስል ሻጭና ትዝታ ነው።

በዚህ ነገር ከሌላው ዓለም አንድ ምሳሌ ብቻ እናምጣ። በቦስኒያ በሞስታር ከተማ ያለው ድልድይ በ1566 የተፈጸመ ነው። ያሠራው የቱርክ ሱልጣን ነው፤ የሠራው ግን ሚማር ሃይሩዲን መሆኑ ይታወቃል፤ ሁለቱም በየስማቸው ይጠራሉ። በ1993 በጦርነት በመድፍ ፈረሰ፤ እንደ ገና ሲሠራና በ2004 ሲመረቅ የዛሬዎቹ ግንበኞች የጥንቱን አጠራረብና አያያዝ አጥንተው ነበር። እንዲያ ማድረግ የተቻለው «ማን ሠራው» ከሚለው ቀጥሎ «እንዴት ሠራው» የሚለው ስለ ተጠየቀ ነው።

በእኛ ዘንድ ሁለተኛው ጥያቄ ባለ መጠየቁ የሚመጣውን ጉዳት በዚያች ትንሽ ድልድይ ላይ በዓይናችን አይተናል። ከቅስቷ አንድ ጐን ድንጋዩ ወልቆ ነበርና አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙን መጥራት አያስፈልግም) በሲሚንቶ አስለስኖታል። ሽማግሌው፣ «ሲሚንቶው ሁለት ክረምት አልቆየም፤ የጥንቱ ግን ይኸው» ብለው ከሥር ያለውን ነጭ ኖራ በዱላቸው ነክተው አሳዩን። ነገሩ ተረት ሳይሆን የታወቀ ሥራ ነው። ኖራ ለስላሳና ውሃ የሚያሳልፍ ነው፤ ድንጋዩ በፀሐይ ሲሰፋና በብርድ ሲኮማተር አብሮት ይሄዳል፤ የገባውም እርጥበት በእርሱ በኩል ይወጣል። ሲሚንቶ ግን ደረቅና ጠንካራ ስለ ሆነ ውሃውን ከውስጥ ያፍነዋል፤ መውጫ ያጣው እርጥበትም ድንጋዩን ይበላዋል፤ ኋላም ሲሚንቶው ራሱ ሲላቀቅ የድንጋዩን ፊት ይዞ ይወድቃል። ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጎንደር ግንቦች ላይ ኢጣልያኖች በወረራቸው ዘመን በሲሚንቶና በብረት አድሰውት የነበረው፣ በ1970ዎቹ በዩኔስኮ እርዳታ በተደረገው እድሳት እንደ ገና እየተነሣ በኖራ እንዲተካ ተደርጓል። ከተማው መካከል የተማርነውን ትምህርት ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀን ረስተነዋል።

የአላታ ድልድይ የሚያስተምረው ደግሞ ሌላ ነው። ጀምስ ብሩስ በ1770 አካባቢ አይቶት ቅስቱ ሃያ አምስት ጫማ ያህል እንደሚሰፋና ጫፎቹ በሁለቱም ዳር በጽኑ ዐለት ውስጥ የገቡ እንደ ሆኑ ጽፏል። አባይ የሚያህል ወንዝ ላይ ሃያ አምስት ጫማ! ግንበኛው ታላቅ ቅስት በመሥራቱ ሳይሆን ታላቅ ቅስት የማያስፈልግበትን ቦታ በማግኘቱ ነው አራት መቶ ዓመት ሊሞላው የደረሰው። ወንዙ በዐለት ተጨንቆ የሚጠብበትን ቦታ መረጠ፤ መሠረቱን ደለል ላይ ሳይሆን ዐለቱ ላይ አሳረፈ። ቅስት በየጫፉ የሚገፋውን ግፊት የሚቀበልለት ጽኑ ነገር ይሻል፤ እዚህ የሚቀበለው ተራራው ራሱ ነው። ድልድይን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ከላይ የሚሻገረው ሸክም ሳይሆን ከእግሩ ሥር ያለውን አፈር የሚቦረቡረው የክረምት ጎርፍ ነውና፣ ከአላታ ድልድይ አጠገብ ድንጋይ የሚፈነቅል ወይም አሸዋ የሚያወጣ ሰው ቅስቱን ሳይነካ ሊጥለው ይችላል። ድልድዩን የምንጠብቅ ከሆነ የምንጠብቀው ዐለቱንና የወንዙን ዳር ጭምር ነው።

ከዚያ በታች በሞጣና በአንዳቤት መካከል ያለው ሰባራ ድልድይ ታሪኩ ከሁሉ ይልቅ ያነጋግራል። በባህል ለፋሲል የሚሰጥ ነው፤ በጠላት ወረራ ዘመን ግን መካከሉ ተሰብሮ ቀረ፤ የሰበሩትም ጠላት እንዳይሻገር ያሉ አርበኞች ናቸው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ የጎጃምና የበጌምድር ሰው በተሰበረው ላይ በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ የቆሙ ጐልማሶች እየሳቡት ይሻገር ነበር። ይህን በፎቶግራፍ ያየ አንድ አሜሪካዊ በ2001 ተነሥቶ፣ ማኅበር አቋቁሞ፣ በማግሥቱ ዓመት ክፍተቱ በብረት ተሸፈነ። በ2005 ጎርፍ መጥቶ ወሰደው። በ2009 ደግሞ ከጎርፉ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የሽቦ መሻገሪያ ተሠራ።

ስለዚህ ጉዳይ ከጓደኞቻችን ጋር ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቹ የተሰበረው ቅስት እንደ ጥንቱ በድንጋይ ይሞላ ይላሉ። እኛ አንስማማም። ክፍተቱ ራሱ ታሪክ ነው፤ ያልተሰበረ አስመስሎ መሙላት የሰበሩትን ሰዎች ሥራ መፋቅ ነው። የበዛው የክርክር ነጥብ ግን ሰው መሻገር አለበት የሚለው ነበር፤ ይህም እውነት ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በገመድ እየተሳበች አባይን ስትሻገር ቆሞ ስለ ቅርስ የሚያወራ ሰው አያድርገን። በእኛ አስተያየት ለአሮጌው ድልድይ ከተደረገለት ሁሉ የሚበልጠው ሽቦው ነው፤ ሠሪዎቹ ያሰቡት ስለ ሰው እንጂ ስለ ቅርስ አይመስለንም፤ ነገር ግን ሸክሙን ከአሮጌው ትከሻ ላይ አንሥተውለታል። በ1964 በቬኒስ የተስማሙ የጥንታዊ ሕንፃ ጠባቂዎች፣ አሮጌ ሕንፃ ለሕዝብ ጥቅም እየዋለ ቢኖር ለጥበቃው እንደሚረዳ፣ ነገር ግን መልኩ መለወጥ እንደሌለበት ወስነው ነበር። ይህ ውሳኔ ለድልድይ የተጻፈ ይመስላል፤ ማንም የማይሻገረው ድልድይ ሾላ ይበቅልበታል፤ ከባድ መኪና የሚሻገረው ደግሞ ይፈርሳል። ሕዝቡ ያወጣለትን ስምም እናመሰግናለን። «ሰባራ ድልድይ» የማንንም ክብር አይናገርም፤ የሆነውን ብቻ ይናገራል።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በ1966 የወጣው የጥንታዊ ቅርስ ዐዋጅ ቁጥር 229፣ ጥንታዊ የሚለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነበር። እዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር አለ። የራስ ዳርጌ ድልድይ በእውነተኛ ዕድሜው ከዚህ ዐዋጅ ጥበቃ ውጭ ነበር፤ «የፖርቱጋል» ሲባል ግን ይገባበታል። ሐሰቱ ጠቀመው ማለት ነው! ነገር ግን በሐሰት የቆመ ጥበቃ አንድ ቀን ዘመኑ በትክክል ሲታወቅ ይወድቃልና ደስ አይለንም። በ2000 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209 ሰፋ ያለ ነው። ከመሬት ጋር በመሠረት የተያያዘውን ሁሉ የማይንቀሳቀስ ቅርስ ይለዋል፤ እድሳትም ከቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ሳይገኝ እንዳይደረግ ያዛል። በዚህ አነጋገር የኛዋ ትንሽ ድልድይ ከነሲሚንቶዋ በሕግ ጥላ ሥር ናት።

ታዲያ የጐደለው ምንድን ነው? ፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ ከግቢውም ጋር የፋሲል መዋኛ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም፣ ጉዛራና ሌሎችም ተጠቅሰዋል። ድልድይ በራሱ ስም አልተጠቀሰም። በመዋኛው ውስጥ ወዳለው ግንብ የሚያሻግረው የድንጋይ መሻገሪያ በዓመት አንድ ጊዜ ለጥምቀት የቀሃ ውሃ ሲሞላለት ሺህ ሕዝብ ያየዋል፤ ዘበኛም አለው፤ ምክንያቱም በአጥር ውስጥ ነው። በአጥር ውስጥ ያለ ድልድይ ግን የንጉሥ መዝናኛ አካል ነው። ነጋዴው ጨውና ቡናውን፣ ገበሬው እህሉን፣ ወታደሩ ጋሻውን ይዞ የተሻገረበት ድልድይ ያለው ከአጥር ውጭ ነው፤ ዘበኛም የለው። ድልድይ ደግሞ በተፈጥሮው የሁለት ዳር ነገር ነው። ወዲህ ያለው ወረዳ ወዲያ ያለው ይጠብቀው ይላል፤ ወዲያ ያለውም እንዲሁ። የመንገድ ሠራተኛው መኪና ስለማያልፍበት ከመንገድ አይቈጥረውም፤ የቅርስ ሠራተኛው ሰው ስለሚመላለስበት ከመንገድ ይቈጥረዋል። ሁለቱም በየበኩላቸው ትክክል ናቸው፤ በመካከላቸው ድንጋዩ ይወልቃል።

የምንጠይቀው ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ስለ ግንቦቹ እድሳት በየጊዜው ብዙ ሲነገር እንሰማለን፤ ደስም ይለናል። ለድልድዮቹ አስቀድሞ የሚያስፈልጋቸው መዝገብ ነው። ይኸውም በየወንዙ ያለው እያንዳንዱ አሮጌ ድልድይ የት እንዳለ፣ ስንት ቅስት እንዳለው፣ የእያንዳንዱ ቅስት ስፋት፣ የእግሩ መሠረት ዐለት ወይም አፈር መሆኑ፣ የኖራው ዐይነት፣ በኋላ ዘመን የታደሰው ክፍል የቱ እንደ ሆነ፣ ያገሩ ሰው የሚጠራበት ስምና የሚናገረው ታሪክ የተጻፈበት። የአሠሪው ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ሆኖ ቢቆይ ግድ የለንም፤ ሌላው ከተሞላ በኋላ ምናልባት እርሱም ይሞላል፤ የአንዱ ድልድይ ቅስት ከአላታ ቅስት ጋር፣ ኖራው ከግንቡ ኖራ ጋር ተመሳክሮ የሚታየው ያን ጊዜ ነውና። የግንባታ ምሕንድስና የሚማሩ ጓደኞቻችን ልኩን፣ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ነገሩን ቢከፋፈሉት በጥቂት የዕረፍት ወራት የጎንደርን ዙሪያ መጨረስ ይቻላል። መምህራኖቻችንም «በፖርቱጋሎች የተሠራ ሲሆን» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ሲቀርብላቸው ማርክ ከመስጠታቸው በፊት ማስረጃውን ቢጠይቁልን እንለምናለን።

እኛ በበኩላችን በዚያች ትንሽ ድልድይ ጀምረናል፤ አጀማመራችን ግን አያኰራም። መለኪያ ሜትር ይዘን ስላልሄድን ሽማግሌው የአህያቸውን የጭነት ገመድ አዋሱን። ቅስቱን ከእግር እስከ እግር በገመዱ ለክተን ገመዱን በክንዳችን ስንቈጥር ሦስታችንም ሦስት የተለያየ ቁጥር አገኘን። ሽማግሌው በራሳቸው ክንድ ለክተው አራተኛ ቁጥር ነገሩን፤ ያን ልጅም ጠርተው «ና አንተም ለካ» አሉት። አራቱንም ቁጥሮች፣ የልጁንም አምስተኛውን፣ በደብተር ጽፈናቸዋል። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ሜትር ይዘን እንመለሳለን፤ ከዚህ ዩኒቨርሲቲ አብሮን ሊሄድ የሚፈልግ ካለ በዚህ መጽሔት አዘጋጆች በኩል ያስታውቀን።